መድኃኒቱና መንገዱ፦ የአንጎልን ቅጥር የማለፍ ታሪክ

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

 



የዛሬው ርዕሳችን ከወትሮው ለየት ይላል። የምንነጋገረው ስለ ሰላት ወይም ስለ ዘካ አሕካም ሳይሆን ስለ አንጎል ዕጢ ነው፤ ሰዎች መድኃኒትን ወደ አንጎል ለማድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ስላደረጉት ጥረት ነው። «ኢማም በዚህ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ያገባንበትን ምክንያት እናስቀድም።

አንድ ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ አዲ አርቃይ ከጀመዓችን አንድ ጎልማሳ ራሱን ያመው ጀመር። ሕመሙ የሚብስበት ጎሕ ሲቀድ ነበር። ለሱብሒ ሰላት ሲነሳ ራሱን ይዞ ይቀመጣል፣ ያስመልሰዋል፤ ቀኑ ሲረፍድ ግን ቀለል ይለዋል። ቤተሰቦቹ ወደ እኛ አመጡት። እኛም ቀራንለት፤ ውኃ ላይ ቀርተንም ሰጠነው። «ዐይን ነው» ያለ ነበር፤ «ጂን ነው» ያለም ነበር። የግራ እጁ መዛል ሲጀምር አሁንም ቀራንለት። በዚህ ሁኔታ ሦስት ወር አለፈ። በመጨረሻ አንድ ሌሊት ወድቆ ሲንፈራገጥ ነው ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የተወሰደው። በመሣሪያ ሲታይ አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ነገር ግን ዕጢው በአንጎሉ ውስጥ ሥር የሰደደ በመሆኑ ሁሉንም ማውጣት እንደማይቻል ሐኪሞቹ ተናገሩ። ዓመት ሳይሞላው ወደ አኺራ ሄደ። አላህ ይዘንለት፤ ቀብሩንም ያብራለት።

ከተዕዚያው በኋላ ታናሽ ወንድሙ መጥቶ እንዲህ አለን፦ «ሸይኽ፣ ናኖ የሚባል መድኃኒት አለ አሉ። የወርቅ ብናኝ ነው፤ በደም ሥር ገብቶ አንጎል ውስጥ ያለውን ዕጢ ብቻ ይመታል ይላሉ። ያ መድኃኒት ቢደርስለት ኖሮ ወንድሜ ይድን ነበር?»

በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረንም። «እስኪ እንጠይቅ፣ እናንብብ፤ ከዚያ እንመልስልሃለን» አልነው። ይህ ንግግር ለእርሱ የገባነው ቃል ነው። ጥያቄው ግን የእርሱ ብቻ አይደለምና ሁላችንም እንስማው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬላና መንገድ መሪ

አዲ አርቃይን የሚያውቅ ሰው መንገዷን ያውቃል። በስተደቡብ የሊማሊሞ ገደል አለ፤ በስተሰሜን ወደ ተከዜ ቁልቁል ይወረዳል። ከጎንደር ወደ ዐድዋና ወደ ምጽዋ የሚወስደው ጥንታዊ የንግድ መንገድ በዚሁ ያልፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770 ከምጽዋ መጥቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በእኛው አካባቢ አልፎና ሊማሊሞን ወጥቶ ነው ጎንደር የገባው። በዚህ መንገድ ቅፍለት እየመሩ ከሚወጡና ከሚወርዱ ነጋዴዎች መካከል ብዙዎቹ ጀበርቲ ሙስሊሞች ነበሩ። ቅፍለቱ በየኬላው ይቆማል፣ ቀረጥ ይከፍላል። መንገድ የሚያውቅ መሪ የሌለው ነጋዴ ጨውም ይጫን ወርቅ ካሰበበት አይደርስም። የዕቃው ውድነት ብቻውን ኬላ አያሳልፍም።

ይህንን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሙስሊም ሐኪሞች ታላላቆቹ አንዱ የሆነው ኢብኑ ሲና (980–1037) «አል-ቃኑን» በተባለው የሕክምና ኪታቡ ስለ መድኃኒት ቅመማ ሲያስረዳ፣ ሁለት መድኃኒቶች የሚቀላቀሉበት አንዱ ምክንያት የመጀመሪያው ሁለተኛውን ወደ ታመመው የሰውነት ክፍል እንዲመራው መሆኑን ይገልጻል። ምሳሌውም ካፉር ወደ ልብ ይደርስ ዘንድ ዘዕፈራን መጨመር ነው። በእርሱ አስተሳሰብ ዘዕፈራኑ ቅፍለቱን አጅቦ እንደሚያደርስ የመንገድ መሪ ነው።

በእርግጥ ዛሬ ለልብ ሕመም ካፉርና ዘዕፈራን የሚያዝዝ ሐኪም የለም። ይሁን እንጂ ሐሳቡን ልብ እንበል። መድኃኒት ኃይል ስላለው ብቻ አይፈውስም፤ ከቦታው መድረስ አለበት። የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በጁርጃንና በሐመዳን የተጻፈው ይህ ቁም ነገር ለአንጎል ሕክምና የዘመናችን ዋና ጥያቄ ሆኖ ተመልሷል።

ቅጥሩ እንዴት ታወቀ?

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፖል ኤርሊኽ በ1885 በወጣው ሥራው አንድ እንግዳ ነገር አስመዘገበ። ቀለም በእንስሳት ደም ውስጥ ሲጨምር ጉበቱም፣ ኩላሊቱም፣ ጡንቻውም ቀለሙን ይይዛሉ፤ አንጎል ግን ሳይነካ ይቀራል። ኤርሊኽ የመሰለው የአንጎል ሥጋ በባሕርዩ ቀለሙን የማይቀበል መሆኑ ነበር። በ1913 ደቀ መዝሙሩ ኤድዊን ጎልድማን ተቃራኒውን ሞከረ፤ ሰማያዊ ቀለም አንጎልንና ሰረሰርን ወደ ከበበው ፈሳሽ በቀጥታ ጨመረ። በዚህ ጊዜ አንጎል ሰማያዊ ሆነ፤ የቀረው አካል ግን ሳይቀየር ቀረ። ከዚህም በመነሳት አንጎል ቀለምን እንደማይጠላ፣ ይልቁንም በደምና በአንጎል መካከል ቅጥር እንዳለ ታወቀ።

ቅጥሩ በዐይን እስኪታይ ደግሞ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ1967 አሜሪካ ውስጥ ሪስና ካርኖቭስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው አገኙት። የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚሸፍኑት ሕዋሳት እንደ ሌላው አካል ሕዋሳት በመካከላቸው ክፍተት የላቸውም፤ በጥብቅ ተሰፍተዋል። እነዚህ የደም ሥሮች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚረዝሙ ይገመታል። ከጎንደር አዲስ አበባ ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው ርቀት ማለት ነው። በዚህ ርዝመት ሁሉ ሳይሰለች የሚሠራ ኬላ አለ። ለአንጎል የሚያስፈልገውን ስኳርና ኦክስጅን ያሳልፋል፤ መርዝንና ተሕዋስያንን ያግዳል።

ሱብሓነላህ! በዚያች አነስተኛ የራስ ቅል ውስጥ ይህን ያኖረ ጌታ ጥበቡ ምን ያህል ነው? ይህ ቅጥር ባይኖር ከምንበላውና ከምንጠጣው የሚገባው ነገር ሁሉ አንጎላችንን ባወከው ነበር። ስለዚህ ቅጥሩ ራሕመት ነው። ጥበቃው ግን አንጎል በታመመ ጊዜ ለሐኪሙ ፈተና ይሆንበታል፤ ኬላው ወዳጅን ከጠላት አይለይምና። በትንንሽ ሞለኪውል ከተሠሩ መድኃኒቶች እንኳ ከመቶ 98 ያህሉ ይህንን ቅጥር እንደማያልፉ ይገመታል።

የቢላዋው ወሰን

ከአንጎል ዕጢዎች መካከል ከአንጎል ሽፋን ላይ የሚበቅሉና በቀዶ ጥገና ተለቅመው የሚወጡ አሉ። በእነርሱ የተያዘ ሰው በጊዜ ከደረሰ በአላህ ፈቃድ ድኖ ዕድሜውን ሊኖር ይችላል። ሌሎቹ ግን ከራሱ ከአንጎል ሥጋ የሚነሱ ናቸው፤ ከእነርሱ ክፉው ግሊዮብላስቶማ ይባላል። እነዚህን ዕጢዎች ሐኪሞቹ ፐርሲቫል ቤይሊና ሃርቬይ ኩሺንግ በ1926 በየዓይነታቸው ለይተው ስም ሰጧቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1928 ዋልተር ዳንዲ የተባለው የቀዶ ጥገና ሐኪም ከባድ እርምጃ ወሰደ፤ በእንዲህ ዓይነት ዕጢ የተያዙ ሰዎችን የቀኝ ግማሽ አንጎል አወጣ። እንዲያም ሆኖ ዕጢው ተመለሰ። የዕጢው ሕዋሳት ከሚታየው እብጠት አልፈው በጤናማው ሥጋ ውስጥ እንደ ሰርዶ ሥር ይሠራጫሉና። ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው ሰርዶ ከላይ ቢታጨድ አይጠፋም።

ስለዚህ ቢላዋ ያልደረሰበትን መድኃኒት ሊደርስበት ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ቅጥሩ የገጠማቸው። በዕጢው መካከል ቅጥሩ በከፊል የፈረሰ ነው፤ ዳር ላይ፣ ሥሩ በተዘረጋበት ቦታ ግን እንደ ጸና ይኖራል። መድኃኒቱ በቀላሉ የሚገባው ሐኪሙ በቢላዋ ወደሚደርስበት ቦታ ነው፤ ቢላዋ ወደማይደርስበት ግን መድኃኒቱም መግባት ይሳነዋል።

በ1996 አንድ ዘዴ በአሜሪካ ተፈቀደ። ሐኪሙ ዕጢውን ካወጣ በኋላ በተፈጠረው ክፍተት ውስጥ መድኃኒት የያዙ፣ ሳንቲም የሚያህሉና ቀስ በቀስ የሚሟሙ ዝርግ ክኒኖች ያስቀምጣል። ኬላውን ከማለፍ ይልቅ ከኬላው ወዲያ ማዶ መጋዘን እንደመክፈት ነው። ይህም ዕድሜን የጨመረው በወራት ብቻ ነበር። በ2005 ደግሞ በሮጀር ስቱፕ መሪነት በ573 ሕሙማን ላይ የተካሄደ ጥናት ይፋ ሆነ። ቅጥሩን በመጠኑ ማለፍ የሚችል ቴሞዞሎማይድ የተባለ እንክብል ከጨረር ሕክምና ጋር ሲሰጥ፣ የሕሙማኑ የመኖር አማካይ ጊዜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር ከፍ አለ። ለሁለት ዓመት የቆዩት ደግሞ ከመቶ 10 ገደማ ወደ 26 ገደማ አደጉ። ዛሬም የሕክምናው መሠረት ይኸው ነው። ቁጥሩን ያልሸሸግነው ሙእሚን እውነቱን ማወቅ ስላለበት ነው።

ናኖ ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ናኖ ሜትር የሚባለው የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። የአንድ ሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖ ሜትር ይደርሳል። የናኖ መድኃኒት የምንለው እንግዲህ በዚህ መለኪያ በአሥርና በመቶ ናኖ ሜትር የሚቆጠር ጥቃቅን ተሸካሚ ተሠርቶ መድኃኒቱ የሚጫንበት ነው። ስለዚህ ናኖ የአንድ መድኃኒት ስም አይደለም። ዋናው ሥራው መጫንና ማድረስ ነው፤ ያንን የቅፍለት መሪ ያስታውሷል።

ከእነዚህ ተሸካሚዎች ቀደምቱ ከስብ የተሠራ ነው። እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም በ1960ዎቹ ስብ ውኃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ጥቃቅን ፊኛ እንደሚሠራ አሳየ። በእንዲህ ያለ ፊኛ ውስጥ የተጫነ የካንሰር መድኃኒት በ1995 በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ከተሰጡት የኮቪድ ክትባቶች አንዳንዶቹ በጥቃቅን የስብ ቅንጣት ተጠቅልለው የመጡ ነበሩ።

ወደ አንጎል የሚያስገባውን በር በማስከፈት ረገድ ፈር ከቀደዱት አንዱ የፍራንክፈርቱ ዮርግ ክሮይተር ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1995 ባወጡት ሥራ በራሱ ቅጥሩን የማያልፍ መድኃኒት በናኖ ቅንጣት ላይ ጫኑ፤ ቅንጣቱንም ልዩ ቅባት ቀቡት። መድኃኒቱ በአይጦች አንጎል ውስጥ ሥራውን ሠራ። ምክንያቱ በኋላ ሲጠና፣ ቅንጣቱ ደም ውስጥ ሲገባ ስብ የሚያመላልስ የሰውነት ፕሮቲን በላዩ ይለጠፍበታል፤ ኬላ ጠባቂው ሕዋስም የሚያውቀው ባለ ጭነት መስሎት ያሳልፈዋል። ቅጥሩ አልፈረሰም፤ ማለፊያ ደብዳቤ ነው የተገኘው።

ጥረቱ የት ደረሰ?

ስለ ወርቅም እንናገር። በዚህ ዘርፍ ስማቸው ከገነነ ሰዎች አንዱ በ1933 ዚፍታ በምትባል የግብፅ ከተማ የተወለዱት ሙስጠፋ አስ-ሰይድ ናቸው። በካይሮ የዐይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ አሜሪካ የተሻገሩት እኚህ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1990 የንጉሥ ፈይሰልን ሽልማት፣ በኋላም የ2007ን የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ አግኝተዋል። ሐኪም ከሆነው ልጃቸው ጋር ባደረጉት ምርምር ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች በካንሰር ሕዋስ ላይ ሲለጠፉና ብርሃን ሲበራባቸው ሞቀው ሕዋሱን እንደሚገድሉ አሳይተዋል። የእርሳቸው ሥራ በአንጎል ዕጢ ላይ አልነበረም። ነገር ግን ከአባይ ዳር የተነሳ የሙስሊም ልጅ በዚህ ጥበብ ግንባር ቀደም መሆኑን ልጆቻችን ይወቁት።

ወጣቱ የሰማው የወርቅ ብናኝ ነገር ምናልባት በ2021 ከቺካጎ አካባቢው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት ይሆናል። ተመራማሪዎቹ በጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች ዙሪያ የዕጢውን አንድ ጎጂ ጂን ጸጥ የሚያሰኝ አር.ኤን.ኤ ደርድረው፣ ግሊዮብላስቶማቸው ለተመለሰባቸው 8 ሕሙማን በደም ሥር ሰጡ። ከዚያም ዕጢው በቀዶ ጥገና ሲወጣ ሲመረመር ወርቁ በእርግጥ ዕጢው ውስጥ ተገኘ። ታላቅ ዜና ነው። ይሁን እንጂ በትክክል እንረዳው። የጥናቱ ዓላማ መድኃኒቱ ሰውን እንደማይጎዳና ከቦታው እንደሚደርስ ማየት እንጂ መፈወሱን ማረጋገጥ አልነበረም።

ሌላው መንገድ ኬላውን ለጥቂት ጊዜ መክፈት ነው። ደም ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ ይጨመርና በጆሮ የማይሰማ የድምፅ ሞገድ ይላካል፤ አረፋዎቹ ሲንቀጠቀጡ የደም ሥሮቹ ስፌት ለጥቂት ሰዓት ይላላል፣ ከዚያም ይመለሳል። በ2023 የወጣ ጥናት በ17 ሕሙማን ላይ ይህንን ተጠቅሞ፣ በፕሮቲን ናኖ ቅንጣት የተጫነ የካንሰር መድኃኒት ወደ አንጎል የሚገባው መጠን በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ቀደም ሲል በ2010 ጀርመን ውስጥ የዳበረና በአውሮፓ የተፈቀደ፣ የብረት ናኖ ቅንጣት ዕጢው ውስጥ ተወግቶ በማግኔት የሚሞቅበት ሕክምናም ነበር፤ እንደታሰበው ግን አልተስፋፋም።

እንግዲህ ጉድለቱንም እንናገር። በ2016 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ በእንስሳት ላይ ከተሞከሩት የናኖ ቅንጣቶች በአማካይ ዕጢው ዘንድ የደረሰው ከተሰጠው መጠን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የቀረውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል። ለግሊዮብላስቶማ መደበኛ ሕክምና ለመሆን የበቃ የናኖ መድኃኒት እስካሁን የለም። ስለዚህ በመንደርም ሆነ በስልክ «ናኖ» የሚል ስም ለጥፎ ዱቄት ወይም ጠብታ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ፣ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ያዙ።

በአገራችንስ?

የመድኃኒትና የመንገድ ጉዳይ ለጎንደር አዲስ አይደለም። በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሰዎችን በሺዎች ፈጀ። የወባ መድኃኒት በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ነበር፤ ወደ ደንቢያ ጎጆዎች የሚያደርሰው አልነበረም እንጂ። በቀጣዩ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይኸው ነው። በዚያ ዘመን የመድኃኒቱ ተሸካሚ በበቅሎና በእግር የሚሄደው የጤና መኮንን ነበር ማለት ይቻላል።

የአንጎል ቀዶ ጥገናም በአገራችን ረጅም ታሪክ የለውም። በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የነርቭ ቀዶ ጥገና ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በመላው አገሪቱ የነበሩት ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው በብዙ አድጓል፤ አልሐምዱሊላህ። የጨረር ሕክምናም ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን እንደ ጅማ ባሉ ሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ወረፋውና ወጪው ግን ዛሬም ለድሃ ከባድ ነው።

በናኖ ምርምር በኩልም ባዶ አይደለንም። በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖ ቴክኖሎጂ የልሕቀት ማዕከል ተቋቁሟል። አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ታዳጊ ሄማን በቀለም የቆዳ ካንሰርን ለማከም ታስቦ፣ መድኃኒቱን በስብ ናኖ ቅንጣት ቆዳ ላይ የሚያቆይ ሳሙና በመንደፉ በ2023 በአሜሪካ የወጣት ሳይንቲስቶችን ውድድር አሸንፏል። ሳሙናው ገና ብዙ ፈተና ይቀረዋል። ይሁንና ሐሳቡ የተጠነሰሰው በኢትዮጵያ ፀሐይ ላይ ሲሠሩ ያያቸውን የቀን ሠራተኞች በማሰብ መሆኑን ልጁ ራሱ ተናግሯል። ልጅ ያየውን አይረሳም። የእኛም ደረሶች ኪታብ ሲቀሩ ኬሚስትሪውንና ሒሳቡንም አብረው እንዲይዙ እናበርታቸው፤ የኢብኑ ሲና ዘመን ሰዎች ሁለቱን አልለያዩም ነበር።

ለጥያቄው መልስ

አሁን ለወጣቱ ወንድማችን መልሳችንን እንስጥ። ወንድሜ፣ ያ የሰማኸው የወርቅ መድኃኒት በሙከራ ላይ ያለ ነው። በአሜሪካ በትልልቆቹ ሆስፒታሎች በራፍ ላይ የሚኖሩ ሰዎችም እንኳ በእርሱ ድነው አልተነሱም። ስለዚህ «ድሃ ስለሆንን፣ ሩቅ ስለሆንን መድኃኒቱ አመለጠን» ብለህ በዚህ አትቆጭ። አጀል በአላህ እጅ ነው።

ነገር ግን አንድ ሌላ እውነት አለ፤ እርሱን መናገር ያለብን እኛ ነን። ያን ሦስት ወር የወሰድነው እኛ ነን። ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር፣ ከዚያም የእጅ መዛል፦ ይህ ምልክት ወደ ሐኪም የሚያስኬድ መሆኑን አላወቅንም፤ አለማወቃችንንም አልጠረጠርንም። መቅራታችን ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ «እየቀራን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» አለማለታችን ነው። በጊዜ ቢደርስ ኖሮ ምናልባት እጁ እስከዚያ ባልዛለ፣ ከልጆቹ ጋር የሚቆይበት ጊዜም ጥቂት በረዘመ ነበር። ቅጥር ለመድኃኒት ብቻ አይደለም፤ እኛም ለዚያ ሰው ቅጥር ሆንበት። አላህ ይቅር ይበለን፤ ቤተሰቡም ዐፉ ይበሉን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን ከዚህ የተለየ ነበር። መታከም ይገባን እንደሆነ የጠየቋቸውን የገጠር ዐረቦች እንዲታከሙ አዝዘዋል፤ አላህ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋቸዋል። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜም ጎብኝተዋቸው፣ በጊዜው ሐኪም ወደነበረው ወደ ሓሪስ ኢብኑ ከለዳ እንዲሄዱ መክረዋቸዋል። ልብ በሉ፦ ዱዓቸው የማይመለሰው ነቢይ ናቸው ሐኪም ዘንድ የላኩት! ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ወረርሽኝ ወደገባበት የሻም ምድር ከመግባት ሲመለሱ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ተብለው ተጠይቀው፣ ከአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄድ መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ ሰበብ ማድረስ ተወኩልን አያፈርስም። ሩቅያውና ሐኪሙ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ምልክቱን እንወቅ። ራስ ምታት ሁሉ ዕጢ አይደለም፤ አብዛኛው አይደለምና አትደንግጡ። ነገር ግን በየጊዜው እየባሰ የሚሄድና ጠዋት የሚበረታ ራስ ምታት፣ ያለ ሆድ ሕመም ማስመለስ፣ ከዚህ በፊት የማያውቀው ጎልማሳ ላይ የሚመጣ የመንፈራገጥ ሕመም፣ የዐይን መደብዘዝ፣ የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መጥፋት፣ የጠባይ ድንገት መለወጥ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ከዚያም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በተለይ የመንፈራገጥ ሕመም የያዘውን ሰው «ጂን ነው» ብሎ ማሠርና በጭስ ማጠን ትልቅ በደል ነው።

ሁለተኛ፣ ይህ ቃል ለእኛ ለሸይኾችና ለኡስታዞች ነው። ሩቅያ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከሐኪም በፊት የሚያየን እኛን ነው። ስለዚህ ከመቅራታችን በፊት «ሐኪም አይቶሃል?» ብለን የመጠየቅ አማና አለብን። እኛ መስጂድ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ይህንን ሳንጠይቅ አንቀራም። ወደ ጠንቋይ የሚሄደውም ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ላይ ነው፤ ገንዘቡንም ዲኑንም ጊዜውንም ያጣል።

ሦስተኛ፣ መንገዱን እንሥራ። ከአዲ አርቃይ ተነስቶ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር፣ ከጎንደርም አዲስ አበባ ድረስ ሕመምተኛ ማድረስ ለአንድ ገበሬ በሬውን መሸጥ ማለት ነው። በ2020 በተጀመረው ጦርነት ዘመን ይህ መንገድ ሲዘጋ ሕመምተኛ እንዴት በቃሬዛ እንደተንገላታ አይተናል። እንግዲህ ለለቅሶ ዕድር እንዳለን ሁሉ ለሕመምተኛ መጓጓዣም ቁጠባ ቢኖረን ምን ይለናል? በየጁሙዓው ከሚሰበሰበው ሰደቃ ጥቂት ለዚህ ቢለይ፣ አዲስ አበባ ያሉ ወንድሞቻችንም እንግዳውን ተቀብለው ወረፋ ቢይዙለት፣ የመንገድ መሪ ማለት ይኸው ነው። ጎረቤታችን ክርስቲያን ቢሆንም ሙስሊም ቢሆንም ሕመሙ አንድ ነው፤ ነፍስ ማዳን ደግሞ ለሁሉም ነው።

ሳይንቲስቶቹ ያንን ቅጥር ለማለፍ ከ1885 ጀምሮ ሲደክሙ ኖረዋል፤ ዛሬም በናኖ ሜትር እየለኩ ይደክማሉ። አላህ ይርዳቸው። የእነርሱ ድካም ፍሬ አንድ ቀን ኢንሻአላህ አገራችን ይገባል። በዚያን ቀን ከአንጎል ቅጥር በፊት ያለውን መንገድ፣ ከቤት እስከ ሆስፒታል ያለውን፣ ከፍተን የምንጠብቀው ግን እኛ ነን።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን፣ ያለፉትን ይማርልን፣ ሐኪሞቻችንን ያበርታልን፣ የምናውቀውን የምንሠራ ያልተማርነውን የምንጠይቅ ያድርገን። አሚን።